ስንዴው ያልሞላው ቦታ

መሐንዲሷ የዱቄት ፋብሪካውን የብረት ጎተራ በኮምፒውተሯ ውስጥ ሠርታ ሁለት ሚሊዮን የስንዴ ፍሬ ከላይ ለቀቀችበት። ግራፊክስ ካርዱ የእያንዳንዷን ፍሬ ግጭት እያሰላ፣ ማራገቢያው እያጓራ፣ ጎተራው ሞላ። እንደ ልማዷ ስንዴው ያልደረሰበት ቦታ ካለ ብላ ፈለገች። ከወለሉ አጠገብ አንድ ክፍተት አገኘች። ፍሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ ነጥረው ይመለሳሉ፤ እሷ ግን ምንም አላስቀመጠችበትም። ስህተቷ መስሏት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀመረችው። ክፍተቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ምስሉን ወደ ራሷ አዞረችው። ክፍተቱ ግራ እግሩን ዘርግቶ በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ ሰው ይመስላል። የእውነተኛው ጎተራ ጠራጊ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም።

ደወለችለት።

«ጋሼ፣ የት ነህ?»

«ጎተራው ውስጥ ነኛ! ምነው፣ መጥረጊያ ልታቀብዪኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እባክህ አሁኑኑ ውጣ!»

«ኧረ ተረጋጊ፣ ባዶ ነው። ስንዴው የሚገባው ነገ ነው። ቆይ እስቲ፣ ከላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ።»

ስክሪኑ ላይ ክፍተቱ አንድ እጁን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ።