ሁለተኛው ስፒከር

አዘዘ ለሰርግ ጊታር የሚመታበትን አምፕሊፋየር ከጓደኛው ነው የተዋሰው። ጓደኛው "ከስምንት ኦም በታች ካሰርህበት ይቃጠላል፣ ኋላ እንዳንጣላ!" ብሎታል። እና ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር በሰርጉ ድንኳን ውስጥ አንድ ባለስምንት ኦም ስፒከር አስሮ በመልቲሜትር ሲለካው ግማሹን፣ አራት ኦም አሳየው። እንዲህ የሚያሳየው ደግሞ ሁለት ስፒከር አንድ ላይ ሲታሰር ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው፤ ሌላ ምንም የለም።

እንዳይቃጠልበት ፈርቶ ድምፁን በጣም ቀነሰና ከፈተው። ማይኩን ይዞ፣ ውሃው ዳር የቆመችውን እህቱን "ወንጌላዊት፣ ይሰማል?" አላት።

"ይሰማል! ግን ሁለተኛውን ስፒከር ሐይቁ ውስጥ ምን ልትሠራ ከተትኸው?" ብላ ሳቀች።

አዘዘ ድምፁን ዜሮ ላይ አመጣውና ከድንኳኑ ብቅ ብሎ ጮኸ፦ "አሁንስ?"

"ኧረ ጭራሽ ጨመርኸው!"

ተመልሶ ሶኬቱን ነቀለው። "አጠፋሁት! ከውሃው ራቂ!" እያለ ወደ እሷ ሮጠ።

እህቱ ጉልበቷ ድረስ ገብታለች። ግራ ገብቷት ዞር አለች።

"አዜ፣ ከዚያ ሆነህ ራቂ ትላለህ፣ ከውሃው ውስጥ ሆነህ ነይ ትላለህ፤ የቱን ልስማ?"