ታማኝ አድማጭ

ጋዜጠኝነት ሲያስተምር ሠላሳ ዓመት የሞላው ፕሮፌሰር፣ ስለ እናቶች ጤና ራሱ ጽፎ በሬዲዮ ያቀርበው የነበረው ትምህርት ምን ለውጥ እንዳመጣ ሊያጠና ገጠር ወረደ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከተባሉ እናት ደጃፍ ተቀምጦ መጠይቁን ዘረጋ።

«ፕሮግራሙን ይከታተሉ ነበር?»

«አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም።»

ደስ አለው። «ምክሩንስ ተግባር ላይ አዋሉት?»

«ቤት አትውለዱ ስለተባለ፣ ልጄን ምጥ ሲይዛት የልምድ አዋላጇን መልሰን፣ በቃሬዛ ተሸክመን፣ ግማሽ ቀን ተጉዘን ጤና ጣቢያ አደረስናት። በሩ ተቆልፏል። እዚያው ደጁ ላይ ከነጽንሷ ሞተችብኝ።»

ብዕሩ እጁ ላይ ቀረ።

«ገና ከውጭ ‹ቤቶች› ሲሉ ነው በድምፅዎ ያወቅሁዎት» አሉት። «ይጻፉት እንጂ።»