ድንጋይ የሚያበቅለው ማሳ

ቴክላ በገዛ አባቷ ማሳ ላይ ድንጋይ ትበትን ነበር። እሱ ወገቡን ይዞ ለቅሞ ጫካው ጥግ የከመረውን፣ እሷ መልሳ እየጫነች ወስዳ ትጥለዋለች። አንድ ቀን ተናዳ ያደረገችው እንዳይመስላችሁ። ሦስት ጸደይ ሙሉ አድርጋዋለች።

መሬቱ ድሮም ድንጋያም ነው። በሰሜን ሚሺጋን የሜፕልና የዝግባ ዛፍ ተመንጥሮ የተገኘ ማሳ ነው፤ ከላይ ቡናማ፣ ጠለቅ ሲሉ ኖራ የበዛበት ግራጫ አፈር። የጥንቱ የበረዶ ግግር ሲገፋው የመጣውን ድንጋይና ጠጠር ሁሉ እዚያው አራግፎት ሄዷል። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ በውርጭ ያብጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ትናንት ባልነበረበት ቦታ ድንጋይ ብቅ ይላል፣ ሆዱ ላይ የተጋገረ ነጭ ኖራውን እንደያዘ። ቴክላ ልጅ ሳለች የእናቷን ኮምጣጤ እየሰረቀች እዚያ ነጭ ቅርፊት ላይ ታፈስና አረፋ እየደፈቀ ሲፈላ ቁጭ ብላ ታየው ነበር።

«በረዶው ዕቃውን ሳይሰበስብ ነው የሄደው» ይል ነበር አባቷ ኢግናሲ። «እኛ ደግሞ ከፖላንድ ድረስ ባሕር ተሻግረን መጥተን እንለቅምለታለን።»

እናቷ የሞተችው በክረምት፣ መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ሳይደርስላት ነው። ከዚያ ወዲህ ኢግናሲ ብቻውን ቀረ። ቴክላ አልፒና ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ለገናና ለፋሲካ ካልሆነ ብቅ አትልም። ግን አባቷም እንደ እናቷ በረዶ ውስጥ እንዳይቀርባት ትፈራ ነበር።

«አባዬ፣ መሬቱን ሽጠውና ከእኔ ጋር ኑር።»

«ድንቹን ማን ይተክለዋል?»

«ድንች ገበያ ሞልቷል!»

«የገበያ ድንች ድንች ነው እንዴ?»

ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። እንቢ አለ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ማሳው ከታከተው ይሸጠዋል።

እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረች። ጎረቤታቸው ጋሽ ፍሎሪያን አባቷን በጭነት መኪናቸው ወደ ቅዳሴ ሲወስዱት እሷ «ምሳ ልሥራ» ብላ ትቀራለች። ኢግናሲ ከመሳፈሩ በፊት የወጥ ቤቱን መስኮት ያንኳኳል። «አትቸኩዪ። የኛ ቄስ ስብከት ከጀመሩ አያቆሙም።»

መኪናው ከዓይን ሲሰወር ጎመኑንና ቋሊማውን ጥዳ ወደ ክምሩ ትሮጣለች። የእጅ ጋሪው ሁልጊዜ እዚያው ክምሩ ጎን ይጠብቃታል፤ ጎማው የተነፋ፣ ዘንጉ ቅባት የጠጣ። የድንጋይ ሽበት ያልያዛቸውን አዳዲሶቹን እየመረጠች ትጭናለች፤ ማሳው ላይ ወዲህና ወዲያ ትደፋቸዋለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ጠረጴዛ ታሰናዳለች።

ኢግናሲ ምሳውን በልቶ፣ አመስግኖ፣ ወደ ማሳው ይወጣል። እያንዳንዱን ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት በጫማው ጫፍ ገልበጥ ያደርገዋል። ቴክላ በመስኮት እያየችው፣ ከሥሩ እባብ እንዳይኖር ነው ብላ ታስባለች።

«ፍሎሪያን!» ብሎ ይጮሃል ከዚያ በአጥሩ ላይ። «ድንጋይህን እኔ ማሳ ላይ መጣልህን አትተውም?»

ጋሽ ፍሎሪያንም ከጓሯቸው ይመልሳሉ። «ድንጋይ የሚሰርቅ ሌባ ሰምቼ አላውቅም፤ ድንጋይ የሚያድል ሌባማ እንዴት ይኖራል፣ አንተ የጃጀህ!»

«የጃጀው አባትህ!»

ቴክላ በመስኮቱ ትሰማለች። ጉንጯ ይቃጠላል። እሷ ባጠፋችው ሌላ ሰው ሲሰደብ ዝም ትላለች። የሚገርመው፣ በሳምንቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያንኑ መኪና ተሳፍረው ይሄዳሉ። ሌላ መኪና ስለሌለ ነው ብላ ታልፈዋለች።

አንድ እሑድ ታመመችና ቀረች። በሚቀጥለው ስትመጣ ማሳው ጥርግ ብሎ ጸድቷል። አባቷ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጸዳልህ!» አለችው።

«አዎ፣ ጸዳ» አለ። ደስ ያለው አይመስልም።

በሦስተኛው ጸደይ ጋሽ ፍሎሪያን ደወሉላት። ኢግናሲን ማሳው መሐል፣ ከጋሪው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ አግኝተውት ነበር። ልቡ ነው አለ ሐኪሙ። አንድ እጁ ድንጋይ ላይ ነበር። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ቴክላ አልጠየቀችም።

ከቀብር መልስ ሰዉ ሁሉ ሲበላ እሷ ተነሥታ አጥሩን ዞራ የጋሽ ፍሎሪያንን በር አንኳኳች።

«ጋሽዬ፣ ድንጋዩን ስጥል የነበርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በኔ ኃጢአት ተሰደቡ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ውርጭ የሚያወጣው ድንጋይ ነጩ ሆዱ ወደ ታች ነው፣ ልጄ» አሉ። «ያንቺዎቹ ግማሾቹ ተንጋለው ነበር የሚገኙት። አባትሽ ገና የመጀመሪያው እሑድ ነው ያወቀው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለኝ? ምነው እርስዎን ይሰድብ ነበር?»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ‹ስሰድብህ ስደበኝ እንጂ እንዳትነግራት› አለኝ። ‹ድንጋዩ ያለቀ ቀን ልጄም መምጣቷን ትተወዋለች።›»