ስሜን ሳልጠራ

ጸጋአብና እኔ ጋምቤላ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ለእረፍት ከአቦቦ ወዲያ፣ የኖራ ድንጋይ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለች ትንሽ መንደር ሄድን። አስጎብኚያችን ኮንግ ገመዱን ዛፍ ላይ እያሰረ፣ «ስትወጡ መጀመሪያ ከታች ሆናችሁ ስማችሁን ጥሩ፤ እዚህ ስሙን ሳይጠራ የሚወጣ የለም» አለን።

«ለምን?» አለ ጸጋአብ።

«ማን እንደወጣ እንድናውቅ።»

በገመዱ ወርደን ገደሉ ሥር ያለው ውሃ ውስጥ ዋኘን። አንዴ እግሬን አዳለጠኝና ሰጠምኩ፤ ከዚያ ወጣሁ። ጸጋአብ ስሙን ጠርቶ ገመዱን ይዞ ወጣ። እኔ የራሴን ስም መጥራት አሳፈረኝ። ዝም ብዬ ተከተልኩት።

ኮንግ ገመዱን አልሰበሰበም። «ቲቸር፣ ስምሽን አልሰማሁም» አለኝ።

«ረሳሁት» አልኩ።

እህቱ ኛዱዎፕ የጠበሰችውን አሳ አቀረበችልን። ጣዕሙ አልታወቀኝም። ከጸጋአብ ሱሪ ውሃ ይንጠባጠባል። እኔም እንደሱ ከነልብሴ ነበር የዋኘሁት፤ ቀሚሴን ስዳስሰው ግን ደረቅ ነው። ምንም አልመሰለኝም።

ከገደሉ ሥር ድምፅ መጣ።

«መቅደላዊት!»

ስሙ የኔ ነው። ድምፁም የኔው ነው፤ ደክሞታል።

«መቅደላዊት ነኝ። ጸጋአብ፣ ሳበኝ እንጂ፣ በረደኝ።»

ገመዱ ተወጠረ። ጸጋአብ አሳውን በእጁ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ አሳውን አስቀመጠና ገመዱን ሊስብ ሄደ።

ኮንግ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«አንቺን ታዲያ» አለኝ፣ «ማን ልበል?»