መርፌ በቀጥታ ስርጭት

«አደራዎን ጋሼ፣ ይቺን ነገር አየር ላይ እንዳያነሷት» አለ ከጤና መሥሪያ ቤቱ የተላከው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲለው የቆየውን ደግሞ። «ፈገግ ይበሉ፣ ይከተቡ፣ አለቀ። ፍርሃት የምትባል ቃል ከአፍዎ እንዳትወጣ።»

ዜና አንባቢው የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለሉን ቀጠለ። የሥራ ባልደረቦቹ «ብረቱ» ነው የሚሉት። መብራት ሲጠፋ ዜናውን በጨለማ በቃሉ የጨረሰ፣ እንግዳ ተናድዶ ጠረጴዛ ሲደበድብበት ዓይኑን እንኳ ያላርገበገበ ሰው ነው። ብረትነቱ ግን መርፌ እስኪያይ ድረስ ብቻ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መርፌ ካየ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ እንደ እንጨት ይዘረራል። ይህን ጉድ የምታውቀው ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። ዛሬ ለሕዝብ ግንኙነቱ ሰው መንገሩን አሁን ሳይጸጸትበት አልቀረም።

ነገሩ የሚያስቀውን ያህል አስጨናቂም ነበር። የወረርሽኙ ክትባት ዘመቻ ሲከፈት ሚኒስትሩ ሲከተቡ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ፤ በማግሥቱ የተቃዋሚዎቹ ጣቢያ የመርፌውን ክዳን በቀይ አክብቦ «ይኸው፣ አልተከፈተም» አለ። መንግሥት «የአሉባልተኞች ሥራ ነው» ሲል፣ እነዚያ «መጀመሪያ በራሳቸው ይሞክሩት» ሲሉ፣ በመሃል ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ። ይህ ሳያንስ አንዲት ወጣት ወረፋ ላይ ሳለች ከፍርሃት የተነሳ ወደቀች። መውደቋን የሚያሳየው ቪዲዮ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ለምን ወደቀች ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያዎቹ ጭር አሉ። ሕዝብ የሚያምነው ዜና አንባቢ በቀጥታ ስርጭት እንዲከተብ መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው ለዚህ ነው።

እህቱ ጠዋት ደውላ ነበር። «ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ቤቴ ቴሌቪዥን ፊት ሊሰበሰብ ነው። አንተ ከተከተብክ ከዚያው ተነስተን እንሄዳለን ብለዋል። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ወረርሽኙ ከወሰደብን ወዲህ ሁሉም በሽታውን ፈርቷል፤ ክትባቱንም ፈርቷል። እና አንተ ልጅ፣ እንደ ድሮህ ተዘርረህ ጉድ እንዳታፈላብኝ!»

«ሌላ ሰው ልተካ?» አለው ዋና አዘጋጁ፣ ስቱዲዮ ሊገባ ሲል ፊቱ መገርጣቱን አይቶ።

«አይሆንም። የሚጠብቁት እኔን ነው።»

የቀኑ ስድስት ሰዓት ዜና ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ዜናዎች በዚያ በለመደው ወፍራም ድምፁ አነበበ። ከዚያ ነርሷ ትሪዋን ይዛ ገብታ አጠገቡ ቆመች። ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የተጻፈለት «ክትባቱ ምንም አያስፈራም» የሚል ነበር። እሱ ግን ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ውድ ተመልካቾች፣ የምነግራችሁ የተጻፈልኝን አይደለም። እኔ መርፌ በጣም እፈራለሁ። በልጅነቴ መርፌ ሳይ እወድቅ ነበር፤ ዛሬም ልወድቅ እችላለሁ። ብወድቅ ጥፋቱ የእኔ ፈሪነት እንጂ የክትባቱ አይደለም። አስቀድሜ የነገርኳችሁም ለዚህ ነው።»

ከመስታወቱ ወዲያ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ነርሷ ክዳኑን ነቀለች። ዜና አንባቢው የመርፌዋን ጫፍ አየ፤ ሌላ ምንም አላየም።

ዓይኑን ሲገልጥ ወለል ላይ ነው። እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቅለውለታል፤ ነርሷ ክራቫቱን እያላላችለት ነው። ጆሮው ውስጥ ባለው ማዳመጫ ዋና አዘጋጁ ይጮሃል፤ «ማስታወቂያ አስገቡ! ቶሎ በሉ!»

«ተወጋሁ?» አለ ዜና አንባቢው።

«ኧረ የት!» አለች ነርሷ። «ገና ክዳኑን ስከፍት ነው የወደቁት። መርፌውንም ጣልኩት።»

ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ሙያ ነውና ቀጥሎ የሚሆነውን አሳምሮ ያውቃል። ቀድሞ የተናገረው ተቆርጦ ይጣላል፤ መውደቁ ብቻ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። እህቱ ቤት ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ጎትተው ወደየቤታቸው ይገባሉ። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ተናደደ።

«አለቃ» አለ ደረቱ ላይ ባለው ማይክሮፎን፣ «እዚህ ላይ ከቆረጥከው ሰው የሚያየው መውደቄን ብቻ ነው። ተወው፣ ይቀጥል።»

ከማዳመጫው ረጅም ትንፋሽ ተሰማና፣ «ቀጥል እንግዲህ፣ ጉዳችን አንዴ ወጥቷል» አለ ዋና አዘጋጁ።

የካሜራ ባለሙያዋ እስኪነግሯት አልጠበቀችም። ካሜራውን ከማቆሚያው አውርዳ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች።

«ሌላ መርፌ አለሽ፣ ሲስተር?»

«አለኝ። ግን ቀና ይበሉና ትንሽ ይረጋጉ እንጂ! ተኝተው ልወጋዎት ነው?»

«እዚሁ ይሻላል። ከወለል በታች የት እወድቃለሁ?»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። አዲስ መርፌ አዘጋጅታ አጠገቡ በርከክ አለች። እሱ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ። ፀጉሩ ተበታትኗል፣ የተቀባው ሜካፕ በላብ ተዝረክርኳል፤ ድምፁ ግን ያው የዜና ድምፅ ነው።

«ውድ ተመልካቾች፣ ቅድም የወደቅሁት ሳልወጋ ነው። የምወጋው አሁን ነው።»

ነርሷ ክንዱን በጥጥ ጠረገችና ክዳኑን ነቅላ መርፌውን ካሜራው ፊት ከፍ አድርጋ ያዘችው። ዜና አንባቢው የምንጣፉን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ መርፌው ክንዱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አፍጥጦ ተመለከተው።