የሴቶቹ በር

ኡበይድ ካሜራ ሊገዛ የሄደው ሌባ አስግቶት አልነበረም። ለባለሱቁ ግን ሌባ አስቸገረኝ አለው።

ባለሱቁ ኮያ ይባላል፤ ከህንድ፣ ከኬረላ መጥቶ በኤምሬትስ ራስ አል-ኸይማ ገበያ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ሁለት ሌንስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ሰፊው ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳያል፤ የሰው ፊት ግን የምስር ፍሬ ያክላል። ጠባቡ አንድ በር ብቻ ነው የሚያየው፤ ያንን ግን አቅርቦ ያሳያል።

ኡበይድ ጠባቡን አነሳ።

"የትኛው በር ላይ ነው የሚሰቀለው?" አለ ኮያ።

"የጓሮው።"

የጓሮው በር የሴቶቹ በር ነው። የጎረቤት ሚስቶችና ልጃገረዶች የሚገቡበት ስለሆነ በሰፈሩ በዚያ በኩል ካሜራ መስቀል ነውር ነው።

"ጌታዬ፣ ሴቶቹ ካወቁ ሁለተኛ ደጅዎን አይረግጡም።"

"ሌባውም ይህንኑ አውቆ ነው በዚያ የሚገባው" አለ ኡበይድ።

ከዚያ ብርሃን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ወደ ሴንሰሩ ዞሩ። ትልቁ ሴንሰር ትንሽ ብርሃን ስለሚበቃው ማታም ቀለም ይለያል። ትንሹ ሲጨልም ዓይን በማያየው ጨረር ነው የሚሠራው። ኮያ ትልቁን እንዲወስድ ለመነው፤ በትንሹ የሌባው መኪና ቀይ ይሁን ሰማያዊ አይታወቅም አለው። ኡበይድ የጀልባ መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ ከባዶ እጁ ተነስቶ ሱቅና ቤት ያቆመ ሰው ነው። ነጋዴ እቃ ሲያወድስ ዋጋ ሊጨምር መሆኑን ያውቃል።

"ሌባዬ በእግሩ ነው የሚመጣው" አለና ትንሹን አስጠቀለለ።

ሚስቱ ለጢፋ በዕድሜ እኩሌታው ናት። ኡበይድ በሷ ላይ የማይቀናበት ነገር አልነበረም። በስልክ ስትስቅ ይቀናል፤ ብቻዋን ስታንጎራጉር ይቀናል። ታናሽ እህቷ ኒዕማ መጥታ ስትጫወት ሚስቱ ከሱ ጋር ስቃ የማታውቀውን ሳቅ ስትስቅ ሰማና፣ ኒዕማን ከቤቱ ከለከላት። በዚህ ቅናት ሁለት ጊዜ "ፈትቼሻለሁ" ብሏት ሁለት ጊዜ መልሷታል። ኢማሙ ከሦስተኛው በኋላ መመለስ እንደሌለ ነግረውታል፤ ራሱም ያውቀዋል። ያለሷ መኖር እንደማይችልም ያውቃል። ለዚህም ነው ዘንድሮ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማስረጃ የፈለገው።

ያጠራጠረው ሻይ ነው። ሲመሽ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወንዶች ተሰብስበው ወደሚጫወቱበት ወደ ጓደኞቹ መጅሊስ ሄዶ ሲመለስ የታጠቡት ብርጭቆዎች ሁለት ናቸው። ቤት የቀረችው አንዲት ሴት ናት። ለጢፋን ሲጠይቃት ሁለቱንም እኔው ጠጣሁባቸው አለችው። ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፤ ያን ቀንም ቀላ።

ካሜራውን ለጢፋ እናቷ ዘንድ በሄደችበት ቀን ከጓሮው በር በላይ ካለው የአየር ማቀዝቀዣ ሥር ሸጉጦ አሰቀለው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሆኖ ያለፈውን ምሽት በስልኩ ከፈተ። መጀመሪያ ድመት አለፈች። ቀጥሎ አንድ ሰው ግድግዳውን ታክኮ መጣ። ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሷል፤ የልብሱ ጫፍ መሬት ይጠርጋል። የራስ ጨርቁን ፊቱ ላይ ስለጠመጠመው ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ለጢፋ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጉንጩን ሳመችና ወደ ውስጥ ጎተተችው።

ኡበይድ ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ።

ለጢፋ ወጥ ቤት ሩዝ እያጠበች ነበር። ትናንት ማን መጣ አላት። ማንም አለች። ጆሮዋ ቀላ። ስልኩን ሳያሳያት ደግሞ ጠየቃት።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "እሺ፣ ኒዕማ ናት። ስለከለከልካት ነው የደበቅኩህ። እህቴን በስርቆት ማየት ሰለቸኝ ኡበይድ።"

ለአፍታ ልቡ መለስ ሊል ነበር። ከዚያ ስልኩን ከፊቷ አቆመው።

"ኒዕማ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ወንድ ነጭ የምትለብሰው?"

ለጢፋ ምስሉን አየች። ቀረብ ብላ ደግማ አየች።

"ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም" አለች። "የመጣችው ግን ኒዕማ ናት። ደውልና ጠይቃት።"

"አብራሽ የምትዋሸውን ነው የምጠይቀው?"

"እንግዲያው እኔን እመነኝ። አንድ ቀን እንኳ እመነኝ።"

ኡበይድ ሊያምናት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በዓይኑ ያየውን በጆሮው ሰምቶ የሚተው ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሱቅ አይኖረውም ነበር። ሦስተኛውን ቃል እዚያው፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተናገረው። ለጢፋ አላለቀሰችም። የቧንቧውን ውሃ ዘጋችና ወደ ክፍሏ ሄዳ ለወንድሟ ደወለች።

ወንድሟ ጃሲም የመጣው ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ብቻውን፣ ከመስጊድ እንደወጣ በነጭ ቀሚሱ። ለኡበይድ ሰላምታ ሳይሰጥ ሻንጣዋን አነሳ። ለጢፋ እስከ እግሯ የሚደርስ ጥቁር አባያዋን ደርባ፣ ፊቷን በጥቁር ሻሿ ሸፍና፣ ባሏን ቀና ብላ ሳታይ በፊቱ አልፋ ወደ ጓሮው ወጣች።

ኡበይድ አልሸኛትም። በእንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በእርግጥ መውጣቷን ለማየት ስልኩን ከፈተ።

በሴቶቹ በር ጃሲምና ለጢፋ ጎን ለጎን ሲወጡ ታዩ፤ በምስሉ ላይ ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው ነበር።