ድንች ከመስኮቴ ሥር

የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች፣ ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጌ አሥራ አንደኛውን ድንች አፈር ውስጥ ሳስቀምጥ የጓሮው በር ሳይንኳኳ ይከፈታል። ቀና አልልም። በዚህ ቤት ሳያንኳኳ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ።

ዛሬ ብቻውን አይደለም። ግንበኛ አስከትሏል፤ ችካልና መዶሻ የያዘ፣ ሲባጎ ክንዱ ላይ የጠመጠመ ሰውዬ። ወንድም ጋሼ የኮቱን ኪስ ይነካካል፤ እንድፈርምባት የሚፈልጋት ወረቀት እዚያ እንዳለች አውቃለሁ። እናታችን ቤቱን ለሁለታችን ስለተወችው ያለ እኔ ፊርማ እዚህ ጓሮ ላይ አንድ ድንጋይ አይቀመጥም። ልጁ ሊያገባ ነው። ቤት ሊሠራለት ያሰበውም እዚህ ነው፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ክንድ በማይሞላ ርቀት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድንች እየተከልኩ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ ነዋ የደረሰው።»

እውነቴን ነው። ሁለት ወር ሙሉ በእንቁላል ካርቶን ደርድሬ መስኮቴ ላይ ብርሃን ሳስመታው ነው የከረምኩት። ጨለማ ውስጥ ያጎነቆለ ድንች ቡቃያው ነጭና ቀጫጫ ነው፤ ገና ሲነኩት ይሰበራል። ብርሃን ያገኘው አጭርና ድንቡሽ ያለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ይሆናል። ከሦስት ቀን በፊት ትልልቆቹን ሁለት ሁለት ዓይን እያስቀረሁ ቆረጥኳቸው፤ ቁስላቸው ላይ አመድ ነስንሼ ቆዳ እስኪያወጡ ጥላ ላይ አስተኛኋቸው። ወንድም ጋሼ ደውሎ ዛሬ እንደሚመጣ የነገረኝም የዛሬ ሦስት ቀን ነው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል።

ግንበኛው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «እትዬ፣ ችካል የምመታው እዚህ ጋ ነበር።»

«ይምቱ። ድንቹን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

«እሷን አትስማት» ይለዋል ወንድሜ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ እኔ ይዞራል። «ስሚኝ እስቲ የኔ እህት። ልጁ ያንቺም ልጅ አይደል? አዝለሽ ያሳደግሽው። የት ይግባ? አንቺ እንደሆንሽ ብቻሽን ነሽ። ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ መሬት ምን ያደርጋል?»

ብቻሽን ነሽ ይለኛል። እናታችን አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ስገለብጣትና ሳጥባት ብቻዬን መሆኔ ለማንም ትዝ አላለውም ነበር። ስንዝር ተኩል ለክቼ ቀጣዩን አስቀምጣለሁ። ለወንድም ጋሼ እምቢ ብዬ አላውቅም። ትምህርትሽን አቋርጪ ሲለኝ እሺ አልኩ። እናትሽን ያዢ ሲለኝ እሺ አልኩ። ዛሬም እምቢ የሚልልኝ ድንቹ ነው።

እሱም ሞኝ አይደለም፣ ገብቶታል። የከፈትኳቸውን ፈሮች በዓይኑ ይቆጥራል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አራት ወር።»

ጥቂት ያስብና ፊቱ ይፈካል። «ይሁን፣ እንዳልሽ። እጠብቅሻለሁ። ሠርጉም ቢሆን ገና ነው። ድንችሽን ለቅመሽ ስትጨርሺ ትፈርሚልኛለሽ። አሁን ደስ አለሽ?»

ግንበኛው እፎይ ብሎ ሲባጎውን መጠቅለል ይጀምራል። ወንድሜ በገዛ ደግነቱ ረክቶ ሰማዩን ያያል። እኔ እጄ አፈር ውስጥ እንዳለ ደርቄ እቀራለሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር እኮ። ድንች ይደርሳል፣ ይለቀማል፣ ያልቃል። አራት ወር ሙሉ እየኮተኮትኩ የምጠብቀው እሱ የቀጠረልኝን ቀን ነው። ምነው ዛፍ በተከልኩ።

«ወንድም ጋሼ።»

«ወዬ።»

«አልፈርምም።»

«ከአራት ወር በኋላ እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ። ከአራት ወር በኋላም አልፈርምም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጎጆ ሲወጣ የቻልኩትን ሁሉ አደርጋለሁ። ይሄን ግን አልሰጥም። ድንቹን ሳነሳ ጎመን እተክላለሁ። ጎመኑ ሲያልቅ መልሼ ድንች እተክላለሁ። ብቻሽን ነሽ አልከኝ አይደል? ብቻውን የሚኖር ሰው መስኮቱን ሲከፍት የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።»

ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ። እንደተንበረከክኩ ቀጣዩን ድንች አነሳለሁ።

ወንድሜ ፊቱ ይለዋወጣል። «እናታችን ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?»

«አጥልቀሽ ተከልሽው ትለኝ ነበር።»

ግንበኛው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ይሞክራል፤ አይሆንለትም። ዕቃውን ሰብስቦ «እናንተ ተስማሙና ጥሩኝ» ይልና ይወጣል።

ሁለታችን ብቻ እንቀራለን። ወንድሜ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ይመጣና ፈሩ መሐል ይቆማል። ወረቀቷን አውጥቷል፤ ሲያወጣት አላየሁትም። በልጅነቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እሺ እስክል ድረስ አጠገቤ መጥቶ ይቆማል።

ከመጨረሻው ድንች ጀምሬ ስንዝር ተኩል እለካለሁ። ጣቴ የጫማው ጫፍ ላይ ያርፋል።

«እግርህን አንሳ» እለዋለሁ።

ቁልቁል ያየኛል። እኔም ሽቅብ አየዋለሁ፤ ዓይኔን አልሰብርለትም። ከጎረቤት አንድ ሰው ባልዲ ሲያስቀምጥ ይሰማል።

እግሩን ያነሳል። የረገጠው ቦታ ጠጥሯል፤ በጣቶቼ አፍታትቼው ድንቹን አስቀምጣለሁ።